ሠላሳ ሁለተኛው ቲማቲም

በእኛ የአትክልት ማኅበር ሰው የሚታወቀው በሚተክለው ቲማቲም ነው። ፋይና የሕፃን ጭንቅላት የሚያህለውን ቀይ ትወዳለች፤ አጥሩ ላይ ደርድራ አላፊ አግዳሚውን ካላስደነቀች እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔ ክላቭዲያ ደግሞ ቆዳው ወፍራም፣ እንቁላል የሚያህል፣ በጨው ውሃ በአፈ ሰፊ ጠርሙስ የሚከርመውን እተክላለሁ። አምስት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ከጨው ውሃ ውስጥ እያወጡ ይፈጁታል። ጣዕም ምናምን ብዬ አልጨነቅም። ጠርሙስ ውስጥ ሳይፈርስ ከከረመልኝ ይበቃኛል።

ኤራስት ፓንፊሎቪች ለማን እንደሚተክል ግን ማንም አያውቅም ነበር። ከአጥሬ ማዶ ያለው ቦታ የሱ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ ለብቻዬ ሳስበው ግን "እሱ" ነው፣ እዚህም እንደዚያው ልቀጥል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው በሰሜን ጫፍ፣ የበረዶው ባሕር ዳር፣ የአየር ጠባይ በሚመዘገብበት ጣቢያ ነበር። ሦስት ሰዎች፣ ጥቂት ውሾች፣ በዓመት አንድ ጊዜ የምትመጣ መርከብ። በየሦስት ሰዓቱ ወጥቶ ብርዱን ይለካል፣ ገብቶ ይመዘግባል። አላገባም። ማንን ያግባ? ነጭ ድብ? መርከቧ ከዱቄቱና ከከሰሉ ጋር የዘር ሻጮች የሚያሳትሙትን መጽሔት ታመጣለታለች። እሱም ጥር በገባ ቁጥር መጽሔቱን ከዳር እስከ ዳር ያነብና፣ ወር ሙሉ ከራሱ ጋር ሲከራከር ይቆይና፣ አንድ የቲማቲም ዝርያ ይመርጣል። አንድ ብቻ። ከዚያ ደብተሩ ላይ ቁጥሩን፣ ስሙንና የመረጠበትን ምክንያት ይጽፋል። የሚዘራበት አፈር አልነበረውም፤ እዚያ ምድሩ ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ ነው።

ደብተሩን አይቼዋለሁ። "ቁጥር አሥራ አራት፤ ምክንያት፦ ሽታው ከሩቅ ይጣራል ተብሏል።" "ቁጥር ሃያ፤ ምክንያት፦ ልጆች ይወዱታል ተብሏል።" ልጅ የት አለውና! ሳነበው መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ደብተሩን ዘግቼ መለስኩለት።

ጡረታ ሲወጣ እዚህ ከኪነሽማ ከተማ ወጣ ብሎ ከኔ አጠገብ ያለውን ቦታ ገዛ። ሌሎቻችን በበጋ ብቻ ነው የምንመጣው፣ በረዶው ሲጥል ወደ ከተማ ቤታችን እንመለሳለን፤ እሱ ግን ምድጃ ሠርቶ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ለዘር ሰብሳቢዎች ደብዳቤ ሲጽፍ ከረመና ሠላሳ አንዱንም ዝርያ አገኘ። ከዚያ ሠላሳ አንዱንም በአንዲት የላስቲክ ቤት ውስጥ ተከላቸው፤ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ግንድ።

እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። ሰው ሦስት ይመርጣል፣ አራት ይመርጣል፣ ከየዓይነቱ ስድስት ስድስት ይተክላል። ፋይና አጥሩ ላይ ተደግፋ አየችና ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች።

"ኧረ አንተ ኤራስት! ኖኅ እንኳ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው ወደ መርከቡ ያስገባው! አንተ ምን ሆነህ ነው አንድ አንድ?"

ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅኩ፣ አልዋሽም። እሱ የያዘውን የውሃ ማጠጫ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሰው ሲያናግረው ሁልጊዜ የያዘውን ያስቀምጣል።

"ለመተዋወቅ ነው፣ ፋይና። ለመተዋወቅ አንድ ይበቃል" አለ።

ያ በጋ መከራ ነበር። ግማሾቹ የሞቃት አገር ዝርያዎች ስለነበሩ፣ ፍሬያቸው እንደ አረንጓዴ ጠጠር ሆኖ ብርዱ ደረሰባቸው። ረጃጅሞቹ ጣሪያውን ገፉ። ድንክዬዎቹን ደግሞ ልክ እንደ ረጃጅሞቹ በጎን የሚወጣውን ቀንበጥ እየቀነጠሰ መላጣ አስቀራቸው።

"ኤራስት ፓንፊሎቪች!" አልኩት በአጥሩ ላይ። "ድንክዬውን አይቀንጥሱት እንጂ! ፍሬው የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው!"

"መጽሔቱ ይህን አልጻፈም፣ ክላቭዲያ ማትቬየቭና።"

"መጽሔቱ መቼ ጓሮ ውሎ ያውቃል!"

እያንዳንዱ መከር ላይ ከደብተሩ ይሰርዛል። ቁጥር አሥራ አራት ሽታው ከሩቅ ቀርቶ አፍንጫ ሥርም አልተጣራ። ቁጥር ሃያን የልጅ ልጆቼ አንድ ጊዜ ነክሰው ተፉት። በሦስተኛው ዓመት ከሠላሳ አንዱ አራት ቀሩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመረጠውን በሦስት ዓመት ሲሰርዝ ማየት ያናድዳል። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን እርሳሱን ይቀርጽና ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል።

በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ፣ በላስቲክ ቤቱ ደጃፍ፣ ማንም ያልዘራው አንድ ችግኝ በቀለ። ቅጠሉ እንደ ሌላው ቲማቲም የተሸራረፈ አይደለም፤ ሰፊና ሙሉ ነው፣ ልክ እንደ ድንች ቅጠል። ድንች መስሎት ሊነቅለው ሲል ግንዱን አሸተተና ተወው። ካለፈው ዓመት ከወደቀ ፍሬ የመጣ መሆን አለበት፤ ከየትኛው ከየትኛው እንደተዳቀለ ግን እግዜር ይወቅ። ነሐሴ ላይ ፈዛዛ ቢጫ ፍሬ ሰጠ፤ ቂጡ ጠማማ፣ ሲቆረጥ ውስጡ ሮዝ። ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ብታፈጥበት ይፈነዳል። ጣዕሙ ግን ልዩ ነበር። አንድ ቁራጭ በቢላው ጫፍ በአጥሩ ላይ አሻገረልኝ፤ ሐብሐብ ሐብሐብ የሚል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጨው ያለው የሚመስል ነገር ነው።

ደብተሩ ላይ ቁጥር ሠላሳ ሁለት ብሎ መዘገበው። ስም አላወጣለትም። ምክንያት በሚለው ቦታ "ራሱ መጣ" ብሎ ጻፈ። የቀሩትን አራቱንም በዓመቱ ሰረዛቸው።

ከዚያ ጀምሮ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ወደኔ ደጅ ይመጣል፤ የተቀደደ ሸሚዝ ለብሶ የማያውቅ ሰው በዚያን ቀን ደግሞ ጫማውን ወልውሎ። በግማሽ በተቆረጡ የወተት ካርቶኖች ውስጥ ሦስት ችግኞች ይይዛል፣ በእያንዳንዳቸው ላይ "32" ተጽፏል። እኛ ዘንድ ለችግኝ አመሰግናለሁ አይባልም፤ ከተባለ አይጸድቅም። ስለዚህ ዝም ብዬ እቀበለዋለሁ፣ እሱም ዝም ብሎ ቆቡን ነካ አድርጎ ይሄዳል። ከኔ በቀር ለሌላ ሰው አይሰጥም። ፋይና አንዴ ጠይቃው ነበር፤ "የርስዎ አጥር ሩቅ ነው" አላት፣ እሷም እስከዛሬ ታወራበታለች።

የመጀመሪያውን ዓመት ተከልኩት። ፍሬው ደረሰ፣ ከራሴ ቲማቲም ጋር ደባልቄ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት። ስምንት ጠርሙስ ሾርባ ሆነብኝ! ክዳኑን ስከፍት ቆዳና ዘር ብቻ ነው የሚንሳፈፈው። በሁለተኛው ዓመት ሦስቱን ችግኝ ተቀብዬ፣ እሱ በሩን ዘግቶ እንደሄደ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው የብስባሽ ክምር ላይ ወረወርኳቸው። በሦስተኛውም እንዲሁ። ቦታ የለኝም፤ ሃያ አራት ግንድ ነው የምይዘው፣ አምስት የሚበላ አፍ አለብኝ። ነሐሴ ላይ በአጥሩ በኩል "ሠላሳ ሁለት እንዴት ነው?" ይለኛል። "በጣም ደኅና ነው፣ ይኸው እየበላነው ነው" እላለሁ። አምስት ዓመት እንዲህ ዋሸሁት። ሰው የማይጎዳ ውሸት ነው እያልኩ ነበር የምዋሸው።

ሰባተኛው ዓመት ላይ፣ የካቲት ውስጥ፣ ልቡ ታሞ ሆስፒታል ገባ። የነገረችኝ ፋይና ናት። ልሂድና ልጠይቀው ብዬ ነበር። ከዛሬ ነገ ስል፣ አንዱ የልጅ ልጅ ሳል ያዘው፣ የቃሪያ ዘር መዝሪያዬም ደረሰ፣ ወሩ አለቀ። ማንም አልጠየቀውም። ይህን በኋላ ነው ያወቅኩት፤ ብዙም አልገረመኝም፣ ማን ነበረውና?

መጋቢት ላይ የከተማው ቤቴ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ኤራስት ፓንፊሎቪች ቆሟል፤ ቆቡን በሁለት እጁ ይዟል፣ ካፖርቱ ከትከሻው ሰፍቶበታል። ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ነው የመጣው። በዚያ ሁሉ ዓመት ከተማ ቤቴ ድረስ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይጦች ገብተው ነበር" አለ፣ ገና ደፉ ላይ ቆሞ።

"የት?"

"ቤት። ምድጃው ሳይነድ ከረመ፣ ሰው የለም ብለው ገቡ። የዘር ፖስታዎቹን በሉ። አንድም ፍሬ አላስቀሩም።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "እርስዎ ጋ አለ አይደል? ከሠላሳ ሁለት ዘር አስቀርተው ይሆናል ብዬ ነው። ሌላ ሰው ጋ እንደሌለ ያውቃሉ።"

አዎ፣ አውቃለሁ። በዓለም ላይ ያ ቲማቲም የነበረው እሱ ጋና እኔ ጋ ብቻ ነበር። እኔ ጋ ደግሞ ክምሩ ላይ ነው ያለቀው።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን ፊቱን አየሁት፤ የአምስት ዓመቱ ውሸት ደግሞ ከኋላዬ ቆሞ ይገፋኛል። "አለ እንጂ፣ እንዴት አይኖርም!" አልኩ። "ይግቡ፣ ሻይ አለ።" ወጥ ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ከሱቅ የገዛሁት የቢጫ ቲማቲም ዘር ነበረኝ፣ የትንሿ፣ ፍሬዋ የልጆች ብይ የምታህለው። ወረቀት ላይ ገለበጥኩት፣ አጠፍኩት፣ በላዩም "32" ብዬ ጻፍኩ። የቲማቲም ዘር እንደሆነ አንዱ ካንዱ አይለይም።

መዳፉ ላይ አፍስሶ አየው። አንድ ሁለቱን በጣቱ ገፋ አደረጋቸው። ከዚያ መልሶ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው፤ ኪሱንም በእጁ ሸፈነው። እንደ ወጉ ምስጋና አልተናገረም።

ሁለት ሰዓት ቆየ። ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ። ሆስፒታል ውስጥ ጎኑ የተኛው ሰው እንዴት እንደሚያንኮራፋ ነገረኝ፣ ስለ ውሾቹ ነገረኝ። ይህን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ሲነሳ እንዲህ አለ፦ "ዘንድሮ ሌላ ምንም አልዘራም። የላስቲክ ቤቱን በሙሉ ለሱ ነው የምሰጠው። አንድ ዓመት ብዙ ዘር ከያዝኩ ከእንግዲህ አይጠፋም።"

በሩን ከዘጋሁ በኋላ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ ራሴን ሰደብኩ። ከዚያ ሄጄ ብርጭቆውን አጠብኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ግንቦት ላይ እንደ ወትሮው መጣ። ጫማው ተወልውሏል፣ ሦስት የወተት ካርቶን ይዟል፣ "32" ተጽፎበታል። ተቀበልኩት፣ ቆቡን ነካ አድርጎ ሄደ። በዚያ ዓመት አልወረወርኩም፤ የራሴን ሦስት ግንድ ነቅዬ ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ በሚታይበት ቦታ ተከልኳቸው። ሌት ተቀን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሐምሌ ላይ ፍሬው ሲወጣ ምን ይላል?

ሐምሌ መጣ። ትንንሽ፣ ክብ፣ ለስላሳ፣ አንድም ጠማማ የሌለባቸው ቢጫ ፍሬዎች ተንዠረገጉ፤ እሱ ጋም፣ እኔ ጋም። እሱ ጋማ የላስቲክ ቤት ሙሉ የሱቅ ቲማቲም! እሱ በጠዋት ይወጣል፣ ያጠጣል፣ ያስራል፣ ይገባል። አጥሩ ጋ ስንገናኝ ስለ ዝናብ ይናገራል። "ሠላሳ ሁለት እንዴት ነው?" የሚለውን ጥያቄ አልጠየቀኝም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዝምታውን መቻል አቃተኝ።

"ኤራስት ፓንፊሎቪች፣ ያ ዘር የርስዎ አይደለም" አልኩት በአጥሩ ላይ።

የውሃ ማጠጫውን አስቀመጠ። "አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሚያዝያ። ቅጠሉ አራት ሳይሞላ። የሱ ቅጠል እንደ ድንች ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ምን ልበል? ሰው የሌለውን ሲጠይቁት ያፍራል።"

አፈርኩ። ሁሉንም ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፦ ጠርሙሶቹን፣ አምስቱን ዓመት፣ ክምሩን። ገና "ክምሩ" ከማለቴ እጁን ወደ ታች አወረደ፣ ይብቃ እንደሚል ሰው።

"እሱንም አውቃለሁ። ከመስኮቴ ይታያል። በሁለተኛው ዓመት ተጥሎም አብቦ ነበር። መጋቢት ላይ የመጣሁት ምናልባት ከክምሩ ላይ አንድ ፍሬ አንስተው ይሆናል ብዬ ነው።"

የአጥሩን እንጨት ያዝኩ።

"እየጣልኩት እያወቁ ነው አራት አምስት ዓመት ያመጡልኝ? ለምን? ለሰው ባይሰጡት እኮ ይሻል ነበር!"

ወደኔ ሳይሆን ወደ ችግኞቹ እያየ ነው የመለሰልኝ።

"በዓመት አንድ ቀን የሰው በር የማንኳኳበት ሌላ ነገር አልነበረኝም፣ ክላቭዲያ ማትቬየቭና። ቲማቲሙ ጥሩ ነበር። እሱን ይዤ ስመጣ ሰው ምን ፈለግክ አይለኝም።" ማጠጫውን አነሳ። "አሁን እንግዲህ ጠፍቷል።"

ይህን ብሎ ወደ ላስቲክ ቤቱ ገባ። የቀረውን ነሐሴና መስከረም ሰላምታ ብቻ ተለዋወጥን።

ጥር ላይ፣ በዘር መምረጫው ወቅት፣ በየዓመቱ እንደማደርገው ፖስታዎቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። የልጅ ልጆቼ በዙሪያዬ ይጮሃሉ፣ ይህን ትከይ ያን ትከይ ይላሉ። አንድም መምረጥ አልቻልኩም። ደብተሩን አስብ ነበር፤ ሠላሳ ሁለቱም ተሰርዘው። ያ ሰው አሁን በበረዶ ተከቦ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥር ወር የሚመርጠው ነገር የለውም። በበረዶው ባሕር ዳር ሳለ እንኳ ነበረው። ያን የወሰድኩበት እኔ ነኝ። እንዲህ ብቸኛ ሰው አይቼ አላውቅም፤ አጠገቤ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሮ።

ግንቦት ገባ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ ችግኙን እየጫነ ከከተማ መጣ፣ ፋይና ጩኸቷን ጀመረች። እኔ ጠዋት ጠዋት ደጅ ላይ ሥራ እየፈጠርኩ እቆያለሁ፤ በር ሲንቀሳቀስ ቀና እላለሁ። የሚመጣበት ቀን አለፈ። ሳምንት አለፈ። ከአጥሩ ማዶ የላስቲክ ቤቱ ባዶውን ነው፣ ሣር በቅሎበታል።

"ያ ሰውዬ ዘንድሮ ምንም አልተከለም እኮ፣ ታሟል እንዴ?" አለችኝ ፋይና።

"ሄደሽ ጠይቂው" አልኳት።

"እኔ ምን ይዤ?"

ቤት ገብቼ ከችግኞቼ መሃል ሦስት ደኅና ደኅናውን መረጥኩ፣ ካርቶን ውስጥ አደረግኳቸው። በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ይህን ይዤ ከሄድኩ ዝም ብሎ ይቀበለኛል፣ ቆቡን ነካ ያደርጋል፣ ያልቃል። ካርቶኖቹን ጠረጴዛው ላይ መለስኳቸው። ሽርጤን ፈታሁ።

የሱን በር በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አንኳኩቼው አላውቅም ነበር። አንኳኳሁ። ቆይቶ ከፈተ፤ ጺሙ አድጓል፣ የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተፈትቷል። መጀመሪያ ፊቴን አየ፣ ከዚያ ባዶ እጆቼን አየ።

"ምን ፈልገው ነው፣ ክላቭዲያ ማትቬየቭና?"

"ምንም" አልኩት። "ምንም ፈልጌ አይደለም።"

ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ውስጥ ገባ፤ በሩን ግን አልዘጋውም።